ከቀይ ወዲያ ያለው ብርሃን፦ ጥቁሩ መስታወት የሚያሳየውና የሚደብቀው

በካሜራ ሌንስ ፊት የሚገጠሙ ማጣሪያዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም በብርሃን ላይ ምንም ሳይጨምሩ ከብርሃን ላይ መቀነሳቸው ነው። ቢጫው ማጣሪያ ሰማያዊውን ይቀንሳል፤ ቀዩ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ያስቀራል፤ የታሕተ ቀይ ወይም በተለመደው አጠራሩ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ የሚባለው ደግሞ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለሚከለክል፣ በእጁ ይዞ ለሚመለከተው ሰው ድፍን ጥቁር መስታወት ይመስላል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥቁር መስታወት በካሜራ ላይ ተገጥሞ በጠራራ ፀሐይ የመስክ ፎቶግራፍ ሲነሣበት፣ ቅጠሉ እንደ አመዳይ ነጥቶ፣ ሰማዩ ወደ ጥቁረት ተጠግቶ፣ የኩሬው ውሃ ከሰል መስሎ ይወጣል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ዓለም ሰው በየዕለቱ የሚመላለስበት ያው ዓለም ነው፤ የተለወጠው ለምስክርነት የተጠራው ብርሃን ብቻ ነው።

ይህ የፎቶግራፍ ዘርፍ በሰፊው የሚታወቀው እንግዳ ውበት ባላቸው የመልክዓ ምድር ምስሎቹ ቢሆንም፣ ከውበቱ ጀርባ ያለው አሠራር የተክልን ጤንነት ለመመርመር፣ ከሥዕል ቀለም ሥር የተሸሸገ ንድፍ ለማግኘትና በዕድሜ ብዛት የጠቆረ ብራና ለማንበብ ሲያገለግል የኖረ ነው። አሠራሩን በሚገባ የተረዳ አንባቢ ከፎቶግራፍም አልፎ የሚሄድ አንድ ቁም ነገር ይጨብጣል፤ ማጣሪያ አንዱን ብርሃን በመከልከል ሌላውን ያሳያል፣ ባሳየ ቁጥርም የሚደብቀው አለው።

ግኝቱ ከማጣሪያ ተጀመረ

የታሕተ ቀይ ጨረር መኖሩ የታወቀው ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት ሲሆን፣ የነገሩ መነሻም ማጣሪያ ነበር። በጀርመን ምድር በሃኖቨር ተወልዶ ኑሮውን በእንግሊዝ አገር ያደረገውና በ1781 እ.ኤ.አ. ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት ያገኘው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ኸርሼል፣ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ዓይኑን ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ጨለም ያሉ መስታወቶች እያፈራረቀ ይጠቀም ነበር። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ መስታወት ብርሃኑን እምብዛም ሳያሳልፍ ሙቀቱን እንደሚያሳልፍ፣ ሌላው ደግሞ ብርሃኑን አሳልፎ ሙቀቱን እንደሚያስቀር አስተዋለና፣ ሙቀትና ቀለም ምን ዝምድና እንዳላቸው ለመመርመር ተነሣ። በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት በሚበትን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት አሳልፎ በየቀለሙ ላይ ጫፋቸው የጠቆረ ቴርሞሜትሮችን ሲያስቀምጥ፣ ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ እየጨመረ ሄደ፤ ከሁሉ የበለጠውን ሙቀት ያሳየው ግን ከቀዩ አልፎ ምንም ቀለም በማይታይበት ስፍራ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ነበር።

ከዚህ ሙከራ የተገኘው መደምደሚያ፣ የፀሐይ ብርሃን ዓይን በሚያያቸው ቀለማት ላይ እንደማያበቃና ከቀይ ወዲያ የማይታይ ጨረር እንዳለ ነው። ዛሬ ይህ ጨረር ከሚታየው ብርሃን ጋር በባሕርዩ አንድ እንደሆነ፣ የሚለየውም በሞገዱ ርዝመት ብቻ እንደሆነ ይታወቃል። የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካው በናኖሜትር፣ ይኸውም የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል በሆነ መስፈሪያ ሲሆን፣ የሰው ዓይን የሚያየው በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ነው። ሐምራዊው በአጭሩ ጫፍ፣ ቀዩ በረጅሙ ጫፍ ላይ ይገኛሉ፤ ከቀዩ የሚረዝመው ሞገድ የድግግሞሹ ቁጥር ከቀይ በታች ስለሚሆን ታሕተ ቀይ ተባለ።

በዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ኢንፍራሬድ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው በጨለማ ውስጥ ያለን ሰው በሰውነቱ ሙቀት ለይተው ወደሚያሳዩት የሙቀት ካሜራዎች ነው። እነዚህ ካሜራዎች የሚሠሩት ከ8,000 እስከ 14,000 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ረጅም ሞገድ ሲሆን፣ ተራ መስታወት ይህን ሞገድ ስለማያሳልፍ ሌንሶቻቸው ጀርማኒየምን ከመሰለ ሌላ ቁስ ይሠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ፎቶግራፍ የሚጠቀመው ግን ከ700 እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ያለውንና «ቅርብ ታሕተ ቀይ» የሚባለውን ክፍል ነው። ይህ ጨረር እንደ ማንኛውም ብርሃን ከፀሐይ ወይም ከአምፖል ወጥቶ በነገሮች ላይ ካረፈ በኋላ የሚንጸባረቅ በመሆኑ፣ ፎቶግራፉ ስለ ነገሩ ሙቀት የሚለው የለም፤ የሚመሰክረው ነገሩ የትኛውን ጨረር እንደሚመልስ፣ የትኛውን እንደሚመጥና የትኛውን እንደሚያሳልፍ ነው።

የማጣሪያው ድንበር

የታሕተ ቀይ ማጣሪያ በቀለም ከተሠራ መስታወት ወይም ከስስ ጄላቲን ይዘጋጃል፤ በውስጡ ያሉት ውሕዶች አጭሩን ሞገድ መጠው ያስቀራሉ፣ ረጅሙን ግን እንዳለ ያሳልፋሉ። አንዱ ማጣሪያ ከሌላው የሚለየው ማሳለፍ በሚጀምርበት ድንበር ሲሆን፣ የንግድ መጠሪያዎቹም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ያመለክታሉ። በጀማሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው የሆያ ኩባንያ አር 72 ማጣሪያ ድንበሩ 720 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ሾት የተባለው የጀርመን የመስታወት አምራች አር ጂ 830 ብሎ የሚጠራው መስታወት ደግሞ ድንበሩን ወደ 830 ያርቃል። በእንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ራተን ስም የሚጠሩትና ኮዳክ በ1912 እ.ኤ.አ. የራተንን ድርጅት ከገዛ በኋላ በዓለም የተሠራጩት የራተን ማጣሪያዎች፣ ለምሳሌ 89 ቢ እና 87 የሚባሉት፣ በተራ ቁጥር ብቻ ስለሚጠሩ ድንበራቸውን ለማወቅ ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

ድንበሩ የት ላይ ይሁን የሚለው ጥያቄ የምስሉን መልክ ይወስናል። በ720 ላይ የሚጀምር ማጣሪያ ከታሕተ ቀዩ ጋር የጥልቅ ቀዩን ጭራፊ ስለሚያሳልፍ በዲጂታል ካሜራ ላይ ጥቂት ቀለም ይተዋል፤ በ590 ወይም በ665 ላይ የሚጀምሩት ከሚታየው ብርሃን የበለጠ ድርሻ ስለሚያስገቡ ቀለማቸው ይበረታል፤ ከ830 ወዲያ የሚጀምረው ግን የቀለም ልዩነትን ሁሉ አጥፍቶ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ይሰጣል። ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው ማስጠንቀቂያ፣ ማጣሪያው ለዓይን ጥቁር ቢመስልም ፀሐይን ለመመልከት ፈጽሞ የማያገለግል መሆኑ ነው፤ በጨለማው ምክንያት የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ የማይታየው ጨረር ግን ሳይቀነስ ይገባና ሰውየው ሳይሰማው ዓይኑን ሊጎዳው ይችላል።

ከመስታወት ሰሌዳ ወደ ቀይ ፊልም

የቀድሞው የፎቶግራፍ ሰሌዳ በብር ጨው የተቀባ ሲሆን፣ ይህ ጨው በተፈጥሮው የሚሰማው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ብቻ ነበር። ሰሌዳው ረጅሙንም ሞገድ እንዲቀበል የተደረገው ልዩ ልዩ ማቅለሚያዎችን ከብር ጨው ጋር በመቀላቀል ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሮበርት ዊልያምስ ዉድ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ያነሣቸውን የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ነጭ ቅጠልና ጥቁር ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ታየ። የቅጠሉ መንጣት እስከ ዛሬ «የዉድ ክስተት» ተብሎ ይጠራል፤ በእንግሊዝኛ ዉድ ማለት እንጨት በመሆኑ ስያሜው ከዛፎቹ የመጣ የሚመስላቸው ቢኖሩም፣ የሰውየው ስም ነው።

ማቅለሚያዎቹ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ የታሕተ ቀይ ፊልም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በገበያ ላይ ዋለ። ከእነዚህ መካከል ዝናው የገነነው የኮዳክ ጥቁርና ነጭ ፊልም እስከ 900 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ጨረር ይቀበል ስለነበር፣ ካሜራ ውስጥ የሚገባውም የሚወጣውም በድቅድቅ ጨለማ ነበር። ሌሎች ፊልሞች በጀርባቸው ያላቸው፣ ብርሃን ተመልሶ እንዳይረጭ የሚከላከል ሽፋን ለዚህ ፊልም ስላልነበረው፣ ብሩህ ነገሮች ሁሉ ዙሪያቸውን በወጋገን የተከበቡ መስለው ይወጡ ነበር፤ ብዙዎች የዘርፉ መለያ አድርገው የሚቆጥሩት ይህ ወጋገን ከጨረሩ ሳይሆን ከፊልሙ አሠራር የመጣ ነው። ኮዳክ ይህን ፊልም ማምረት ያቆመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

የቀለም ታሕተ ቀይ ፊልም ታሪክ ደግሞ ከጦርነት ጋር የተሳሰረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደራዊ ቁሳቁስ በአረንጓዴ ሸራና ቀለም ሲሸፈን ከአየር ላይ ሕያው ደን ይመስል ስለነበር፣ እውነተኛውን ቅጠል ከቀለም ቅቡ የሚለይ ፊልም ተሠራ። ይህ ፊልም ሦስት ንብርብር ያለው ሆኖ አንዱ አረንጓዴን፣ ሁለተኛው ቀይን፣ ሦስተኛው ታሕተ ቀይን ይቀበላል፤ ሲታጠብም አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ቀዩ አረንጓዴ፣ ታሕተ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሦስቱም ንብርብሮች ሰማያዊ ብርሃንንም ስለሚሰሙ ቢጫ ማጣሪያ ካልተገጠመላቸው ምስሉ ይበላሻል፤ ማጣሪያው ሰማያዊውን ሲያስቀር ግን ሕያው ቅጠል ደማቅ ቀይ፣ አረንጓዴ የተቀባ ሸራ ደግሞ ሰማያዊ መሰል ሆኖ ይለያል። ከብዙ ዓመታት በኋላ አየርላንዳዊው አርቲስት ሪቻርድ ሞስ ይህንኑ ወታደራዊ ፊልም ወደ ምሥራቅ ኮንጎ ወስዶ፣ ዓለም ፊቱን ያዞረበትን ጦርነት በጽጌረዳ ቀለም በተጥለቀለቁ ኮረብታዎች መካከል አሳየ፤ ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ትርኢት በአየርላንድ ድንኳን ቀርቧል። የተደበቀ ጠላትን ለማግኘት የተፈጠረ ፊልም የተረሳ ሰቆቃን ለማሳየት መዋሉ የዘርፉን ታሪክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ ነው።

ቅጠል ለምን ይነጣል? ሰማይስ ለምን ይጠቁራል?

የቅጠል አረንጓዴነት የሚመጣው ክሎሮፊል ወይም ሐመልሚል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሐመልሚል ለምግብ ዝግጅት የሚያስፈልገውን ሰማያዊና ቀይ ብርሃን መጦ አረንጓዴውን በመጠኑ ይመልሳል። ከ700 ናኖሜትር ትንሽ እንዳለፈ ግን ሐመልሚል መምጠጡን ስለሚያቆም ጨረሩ ሳይነካ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይዘልቃል። በዚያም ውሃ ያዘሉ ሕዋሳትና በመካከላቸው ያሉ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚገኙ፣ ጨረሩ ከውሃ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ውሃ በተሻገረ ቁጥር አቅጣጫውን እየለወጠ ይበተንና ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ይመለሳል። የሳሙና አረፋ ሳሙናው የፈለገውን ቀለም ቢይዝ ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጥቃቅን ገጾች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይመልሱታል። እንግዲህ በታሕተ ቀይ ፎቶግራፍ ላይ የነጣው ቅጠል ከውጭ ገጹ ይልቅ የውስጥ ሥሪቱን እያሳየ ነው።

የሰማዩ ጥቁረት የሚመነጨው ከሌላ ሕግ ነው። የአየር ቅንጣቶች አጭሩን ሞገድ አብዝተው፣ ረጅሙን አሳንሰው የሚበትኑ ሲሆን፣ መበተኑም የሞገዱ ርዝመት አራተኛ ኃይል በጨመረ መጠን ይቀንሳል፤ ይህም ማለት ሞገዱ ከ400 ወደ 800 ናኖሜትር በእጥፍ ሲረዝም መበተኑ ወደ 16ኛ እጁ ይወርዳል ማለት ነው። የሰማይ ሰማያዊነት የተበተነ ብርሃን ስለሆነ፣ እምብዛም የማይበተነውን ጨረር ብቻ የሚቀበል ካሜራ ከሰማዩ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ደመናው ግን የውሃ ጠብታዎቹ ሁሉንም ሞገድ ስለሚመልሱ በጥቁሩ ሰማይ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሩቅ ተራራን የሚያደበዝዘው ስስ ጭጋግም በታሕተ ቀይ ላይ ስለሚሳሳ የተራራው ዝርዝር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጉምን ግን ይህ ጨረርም አይበሳውም።

የሰው ቆዳ ቅርብ ታሕተ ቀዩን ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገባና በትኖ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ፊት በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ጠባሳና ነጠብጣቡ ደብዝዞ ልስልስ ብሎ ይታያል። ኦክስጅኑን የሰጠ ደም ጨረሩን አብልጦ ስለሚመጥ ከቆዳ ሥር ያሉ ደም መላሽ ሥሮች ጥቁር መስመር ሆነው ይወጣሉ፤ በሕክምና ቤት ለመርፌ የሚሆን ሥር ለማግኘት የሚረዱ መሣሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው።

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያለው የማጣሪያዎች ትግል

የዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባይ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ከሲሊከን የሚሠራ ሲሆን ሲሊከን በባሕርዩ እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ጨረር ይሰማል። ይህ ችሎታ ለተራው ፎቶግራፍ ቀለምን የሚያዛባ እንከን በመሆኑ አምራቾች ከሴንሰሩ ፊት ታሕተ ቀዩን የሚከለክል ማጣሪያ ያስቀምጣሉ። የዚህ ማጣሪያ አስፈላጊነት በግልጽ የታየው በ2006 እ.ኤ.አ. ላይካ ኤም 8 የተባለው ካሜራ ለገበያ በቀረበ ጊዜ ነው፤ የውስጥ ማጣሪያው ደካማ ስለነበር ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቆች ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ይዘው ይወጡ ጀመር፣ ኩባንያውም ለገዢዎች በሌንስ ላይ የሚገጠም ከልካይ ማጣሪያ በነፃ ሰጠ።

እንግዲህ ባለሙያው በተራ ዲጂታል ካሜራ ላይ የታሕተ ቀይ ማጣሪያ ሲገጥም ሁለት ተቃራኒ ማጣሪያዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ የውጪው ከታሕተ ቀይ በስተቀር ሁሉን ይከለክላል፣ የውስጡ ደግሞ ታሕተ ቀዩን ይከለክላል፣ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ሴንሰሩን የሚነካው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በቀትር ፀሐይ እንኳ ካሜራው ብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት ስላለበት በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መታሰር ይኖርበታል፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ ይደበዝዛል፣ የሚሄድ ሰውም ላይታይ ይችላል። አንድ ካሜራ ወይም ስልክ የውስጥ ማጣሪያው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ በካሜራው መስኮት ላይ እየታየ ቁልፉ ሲጫን፣ ዓይን የማያየው የሪሞቱ ብርሃን በመስኮቱ ላይ ብልጭ ካለ ማጣሪያው ጨረሩን በከፊል እያሳለፈ ነው፤ ይህ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት አለው።

በዘርፉ አዘውትረው የሚሠሩ ሰዎች የውስጡን ማጣሪያ አስወጥተው በምትኩ ንጹሕ መስታወት ወይም የታሕተ ቀይ ማጣሪያ ያስገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ካሜራው በእጅ ተይዞ በተለመደው ፍጥነት ማንሣት ይችላል፤ ሥራው ግን ሴንሰሩን መንካትንና በአንዳንድ ካሜራዎች ውስጥ ለብልጭታ መብራት የተጠራቀመ አደገኛ ኤሌክትሪክን መጋፈጥን ስለሚጠይቅ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ማጣሪያው ከተለወጠም በኋላ ሌንሱ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ረጅም ሞገድ በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ከአጭሩ ያነሰ ስለሚታጠፍ ምስሉ ጥርት የሚልበት ስፍራ ከተለመደው ጥቂት ይርቃል፤ ብዙ የቀድሞ ሌንሶች ላይ የሚገኘው ትንሽ ቀይ ምልክት ይህን ልዩነት ለማስተካከል የተደረገ ነው። አንዳንድ ሌንሶች ደግሞ ጨረሩን በውስጣቸው እያንጸባረቁ በምስሉ መሐል ላይ ፈካ ያለ ክብ ይጥላሉ፤ ይህ ጉድለት የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ይብሳል፣ በሚታየው ብርሃን እጅግ የተመሰገነ ሌንስም ከዚህ ላይድን ይችላል።

ከካሜራው የወጣው ምስል በመጀመሪያ ቀይ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው የነጭ ቀለም ማስተካከያውን በሣር ወይም በቅጠል ላይ ለክቶ፣ ቀጥሎም የቀዩንና የሰማያዊውን ቀለም ስፍራ በኮምፒዩተር ሲያለዋውጥ፣ ሰማዩ ሰማያዊነቱን ያገኛል፣ ቅጠሉም ወደ ነጭ ወይም ወደ ወርቃማ ያደላል። ይህ ቀለም «ሐሰተኛ ቀለም» የሚል የሙያ መጠሪያ አለው፤ ይህም የሚያመለክተው ዓይን ለማያውቀው ብርሃን ዓይን የሚያውቀው ቀለም በውሰት መሰጠቱን ነው። ልዩነቱ ከታሕተ ቀዩ ዓለም የመጣ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ የቀለሙ ምርጫ ግን የሰው ነው።

ከመስክ እስከ ሳተላይት

ዉድ እንደ አስደናቂ ትርኢት ያሳየው የቅጠል ነጸብራቅ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የምድርን ሁሉ ልምላሜ መለኪያ ሆነ። በሐምሌ 1972 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ላንድሳት 1 ሳተላይት ምድርን በአራት የብርሃን ክፍሎች የምትቀርጽ ስትሆን ሁለቱ የቅርብ ታሕተ ቀይ ክፍሎች ነበሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከአንድ ስፍራ የተንጸባረቀው ታሕተ ቀይ ከቀዩ ላይ ያለው ብልጫ ይወሰድና ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ለምለም ተክል ከታሕተ ቀዩ 50 በመቶውን፣ ከቀዩ 8 በመቶውን ቢመልስ ውጤቱ 0.72 ይሆናል፤ የጠወለገው ግን 40 በመቶና 30 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ ወደ 0.14 ይወርዳል። ከሰማይ ላይ ሆኖ በየሳምንቱ ይህን ቁጥር የሚያሰላ ሰው ዝናቡ የቀረበትን ቀበሌ ካልቀረበት ለይቶ ማወቅ ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ተብሎ የሚታወሰውንና በሌሎችም የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የደረሰውን እልቂት ተከትሎ፣ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከሚመረኮዝባቸው መረጃዎች አንዱ ይኸው ከሳተላይት የሚገኝ የልምላሜ መለኪያ ነው። ሰብል መድረቁን የሚያሳይ ምስል በራሱ እህል አያመጣም፤ ነገር ግን ምስክሩ ከወራት አስቀድሞ ከተናገረ አላየንም፣ አልሰማንም የሚለው ምክንያት ይወድቃል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ዓላማዋ ግብርናንና የተፈጥሮ ሀብትን ከሕዋ መከታተል ነበር።

ከቀለም ሥር፣ ከብራና ላይ

ሠዓሊ ሸራውን ወይም ሰሌዳውን ከመቀባቱ በፊት በከሰል ወይም በጥቁር ቀለም ንድፍ ያወጣል፤ ከሰል ደግሞ ካርቦን ነውና የሚታየውንም ታሕተ ቀዩንም ብርሃን ይመጣል። ብዙዎቹ የሥዕል ቀለሞች ግን ረጅሙን ሞገድ ስለሚያሳልፉ፣ ጨረሩ በእነርሱ ውስጥ አልፎ ከሥር ያለው ነጭ መደብ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ በመንገዱ ላይ ከንድፉ መስመር ጋር ሲገናኝ ብቻ ይጠፋል። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቫን አስፔረን ደ ቡር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 2,000 ናኖሜትር ገደማ የሚቀበል የቴሌቪዥን ዓይነት ካሜራ ለዚህ ሥራ በማዋል ዘዴውን አሳደገው። በለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘውና ያን ቫን አይክ በ1434 እ.ኤ.አ. የሣለው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል በዚህ መንገድ ሲመረመር፣ ዛሬ በጥንዶቹ እግር ሥር የሚታየው ትንሽ ውሻ በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ እንዳልነበረ ታወቀ። በዋሽንግተን ፊሊፕስ ኮሌክሽን ከሚገኘው «ሰማያዊ ክፍል» ከተባለው የፒካሶ የ1901 እ.ኤ.አ. ሥዕል ሥር ደግሞ እጁን ጉንጩ ላይ ያስደገፈ ባለ ጢም ሰው ተገኝቷል፤ ግኝቱ ለሕዝብ የተገለጸው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

ይኸው የካርቦን ባሕርይ በብራና ጥናት ውስጥ የሰጠው ጥቅም ከዚህም ይልቃል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት ጥንታዊ ጥቅልሎች ብዙዎቹ ከዕድሜ ብዛት ጠቁረው ጽሑፋቸው ከብራናው ጋር አንድ ሆኖ ነበር። የጠቆረው ብራና የሚታየውን ብርሃን እንጂ ታሕተ ቀዩን ያን ያህል ስለማይመጥ፣ ቀለሙ ግን በአብዛኛው ከካርቦን የተሠራ በመሆኑ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ናጂብ አንቶን አልቢና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም የፍልስጥኤም አርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ በታሕተ ቀይ ፊልም ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ብራናው ነጥቶ ፊደሉ ጠቁሮ ወጣ። ለአሥርት ዓመታት ሊቃውንት ጥቅልሎቹን ያነበቡት ከእነዚህ ፎቶግራፎች ነው።

በአራተኛው የኩምራን ዋሻ ከተገኙት ቁርጥራጮች መካከል በአራማይክ የተጻፈ የመጽሐፈ ሄኖክ ክፍል ነበር፤ ይህን ክፍል የጥቅልሎቹ ተመራማሪ ዮዜፍ ሚሊክ በ1976 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት ይረዳል። የኢትዮጵያ ጸሐፍት ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ በብራና ያቆዩት ቃል፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሌላ ቋንቋ ከተጻፈው ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን የሚነበብበት ጊዜ መጣ፤ የጠቆረውን ቁራጭ ለንባብ ካበቁት መንገዶች አንዱም ታሕተ ቀይ ፎቶግራፍ ነበር።

የግዕዝ ብራናዎች ጥቁር ቀለምም በአብዛኛው ከጥላሸትና አሮ ከጠቆረ እህል፣ በሌላ አነጋገር ከካርቦን የሚበጠበጥ ነው። ስለዚህ በጢስ፣ በእጅ ወዝና በጧፍ ጥቀርሻ የጠቆረ ገጽ በዚህ ዘዴ ቢመረመር ዓይን ያጣውን መስመር መልሶ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በእነዚሁ ብራናዎች ላይ የምዕራፍ መነሻዎችና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ቀይ ቀለም ቀይ የሚመስለው ረጅሙን ሞገድ ስለሚመልስ ነው፤ ከቀይ ወዲያ ያለውንም እንዲሁ ስለሚመልስ በታሕተ ቀይ ፎቶግራፍ ላይ ከብራናው ንጣት ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። የጠቆረውን ቃል የሚያነብልን ማጣሪያ ጸሐፊው አክብሮ ቀለም ለውጦ የጻፈውን ስም ይሰውረዋል ማለት ነው።

ዛሬ በእስራኤል የሙት ባሕርን ጥቅልሎች የሚቀርጹ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቁራጭ በ12 የሞገድ ርዝመቶች፣ ማለትም በሰባት የሚታዩና በአምስት ቅርብ ታሕተ ቀይ ክፍሎች እየለዩ የሚያነሡት ለዚህ ነው። አንዱ ብርሃን ጥቁሩን ፊደል ይመሰክራል፣ ሌላው ቀዩን፣ ሌላውም የብራናውን ጠባሳና ስፌት፤ ሙሉው ገጽ የሚገኘው ምስክሮቹ ሁሉ ተራ በተራ ተጠርተው ሲሰሙ ነው። ጥቁሩን መስታወት በሌንሱ ላይ የሚገጥም ሰውም ምስሉን ካነሣ በኋላ መስታወቱን አውልቆ ያንኑ ገጽ በተራው ብርሃን ደግሞ ቢያነሣው፣ በቀይ የተጻፈው ስም ከስፍራው ሳይንቀሳቀስ ይጠብቀዋል።